እንግዳን ከሥጋት ማውጣት

የዛሬው ዝግጅታችን በቤት ውስጥ ስለሚደረግ መስተንግዶ ነው። ስለ ጋባዥም ስለ ተጋባዥም እናወራለን። ሥራ ላይ ያላችሁ በርቱ። ሽንኩርት እየከተፋችሁ የምታዳምጡን ደግሞ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል።

በድሮ ዘመን፣ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብር ላይ፣ ጠጅ የሚያቀርበው አሳላፊ ለእንግዳው ከማቀበሉ በፊት ከጠጁ ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየው ይቀምስ ነበር። በመጠጡ ውስጥ ክፉ ነገር እንደሌለ ማረጋገጫ መሆኑ ነው። መርዝ የሚፈራበት ዘመን ነበርና አሳላፊው እንግዳው «ቅመስልኝ» እስኪለው አይጠብቅም። ማንስ ሰው ቤት ተቀምጦ አፍ አውጥቶ እንዲህ ይላል? እንግዳው ሊናገረው የማይችለውን ፍርሃት አስተናጋጁ ቀድሞ ያውቅለታል፤ ሳይጠየቅም ያነሳለታል።

ዛሬ መርዝ ፈርቶ ግብዣ የሚገባ የለም። ያለ ሥጋት የሚገባ እንግዳም ግን ጥቂት ነው። «ወጡ ቅቤ ነክቶት ይሆን? ሥጋው የማን እርድ ነው? ስኳር በሽታ እንዳለብኝ አያውቁም፤ እንቢ ብል ይቀየሙኝ ይሆን? ልጄ ዕቃ ቢሰብርስ? ስንት ሰዓት ላይ ብነሳ ነው ነውር የማይሆነው?» ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ይቀመጣል። መስተንግዶ ማለት ለእኔ ይህን በሆድ የተያዘ ሥጋት አንድ በአንድ ማንሳት ነው። ድግሱ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ይህ ከተሟላ እንግዳው ተስተናግዷል። ይህ ካልተሟላ ደግሞ በሬም ቢጣል እንግዳው እንደተጨነቀ ይወጣል።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በዙሪያችን ሰው ቤቱ መጥራት የተዉ ወዳጆች እየበዙ ነው። ምክንያታቸውን ብትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ የዘይቱን፣ የቅቤውን፣ የጤፉን ዋጋ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ኑሮው ከብዷል። ግን ሰው መጥራት ማለት በግ ማረድና ቢራ በሳጥን መደርደር ነው ያለን ማን ነው? አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የገበታውን መጠን ሁለተኛ አድርገውታል። «ቤት ያፈራውን» የሚለው አነጋገርም ሽሮውንና ድንቹን ያለ ኀፍረት የሚያቀርብበት መብት ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ይህን መብት ራሳችን ነጥቀን፣ ሽሮ አቅርቦ ከመጥራት ባለመጥራት ማደርን መረጥን። በዚህ የተነሳ ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን፣ አጎታቸውን በፎቶ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አሉ። ያሳዝነኛል።

በየወሩ በአባላቱ ቤት የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። አባላቱ ተስማምተው «ከዳቦና ከጠላ፣ ከአንድ ዓይነት ወጥ በላይ አይቀርብም» ቢሉ፣ ተረኛው አይበደርም፤ ቀጣዩም «ከእሷ አንሼ እንዳልታይ» ብሎ አይሰጋም። ውሳኔው የሁሉም ስለሆነ የሚያፍር የለም።

ወደ ግብዣው እንሂድ። ግብዣ የሚጀምረው ከጥሪው ነው። «አንድ ቀን እንገናኝ፣ ቤት ብቅ በይ እንጂ» ማለት ሰላምታ እንጂ ጥሪ አይደለም። ጥሪ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ምሳ ይሁን ቡና ብቻ ይነገርበታል። ቡና ብቻ መስሏት ምሳዋን በልታ የመጣች እንግዳ የዶሮ ወጥ ሲቀርብላት ምን ታድርግ? ምሳ መስሎት ቁርሱን ዘሎ የመጣ ደግሞ ቆሎ እየቆረጠመ ሲጠብቅ ይውላል።

ሰዓት ላይ ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን የተለየ ችግር አለባችሁ። በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሮም ሆኖ «በሁለት ሰዓት ኑ» ያለ ሰው፣ ከተጠሩት ግማሹ ለከሰዓት፣ ግማሹ ለምሽት ቢመጡለት ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። «ከሰዓት በኋላ» ወይም «ማታ» የሚለውን ቃል መጨመር ምንም አያስከፍልም። እዚያ አብዛኛው ሰው በፈረቃ ስለሚሠራ «ብቅ ብዬ ልያችሁ» ብሎ ሳይደውሉ መሄድም የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባን ሰው መቀስቀስ ይሆናል። አገር ቤት ግን የጎረቤት ድንገተኛ መግባት ሲጠፋ ማየት አልፈልግም። ቡና ሲፈላ ልጅ ልኮ «ቡና ጠጡ» ማለት ቀጠሮ ቢይዙለት ያንኑ መልክ አይኖረውም።

በስልኩ ጥሪ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ «የማትበሉት፣ የማትጠጡት ነገር አለ?» ብዙ ቤት ይህ ጥያቄ አይጠየቅም፤ የሚያሳፍር ይመስላል። እኔ ግን የጥሪው ዋና ክፍል ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

መጀመሪያ ጾሙ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዓዋጅ አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይጀምርና 15 ቀን ይቆያል። የገና ጾም ከኅዳር 15 ተነሥቶ እስከ ልደት ይዘልቃል። የሰኔው አለ፣ ነነዌ አለ፣ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ ይበላል። እንግዲህ ከዓመቱ ስንቱ በጾም እንደሚያልፍ አስቡት። ጋባዡ የማይጾም ከሆነ ቀኑን ሳያስብ ዓርብን ሊመርጥ ይችላል። የሚጾም ከሆነም ጉዳዩ አያልቅም፤ በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ ዓሣን ከሥጋ የማይለይ አለ። እስከ ቀትር፣ አንዳንዱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የአራት ሰዓት ቁርስ ግብዣ ፈተና ነው።

የጾም ምግብ ሲሠራ ደግሞ መክተፊያውና ቢላዋው ይለይ። ትናንት ቅቤ የፈላበት ድስት በደንብ ሳይታጠብ የዛሬው ምስር ከተሠራበት፣ ምግቡ ለስሙ ጾም ነው እንጂ የሚጾመው ሰው ተታሏል። ዳቦና ኬክ ከውጭ ከገዛችሁ ወተትና ዕንቁላል መግባቱን ጠይቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎም እንግዳው አያውቀውምና ሲቀርብ ንገሩት፤ «በዘይት ነው፣ ድስቱም የጾም ነው»። አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የቀመሰው ዓይነት ነገር ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ሁለተኛው እርዱ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን፣ ሙስሊሙ የሙስሊሙን እርድ ይበላል። በአንድ ግቢ ተወልደው፣ በአንድ ዕድር ተረዳድተው፣ አንዱ ሲያዝን ሌላው ድንኳን ተክሎ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በዚህ አይጣሉም፤ መንገድ አበጅተውለታል። ሰርግ ሲሆን ሙስሊም ጎረቤት ተጠርቶ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ይባርካል፣ ያርዳል፣ በተለየ ድስት ይሠራል፣ የተለየ ገበታ ይቀርባል። የሙስሊሙ ሰርግ ከሆነም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ። መለየቱ ማራቅ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ሳይሰጋ እንዲበላ የተደረገ ክብር ነው። ሁለት እርድ ለማዘጋጀት አቅም ለሌለው ቤት ደግሞ የጾም ገበታ አለ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ ቲማቲም ፍትፍት፤ ሁሉም በዘይት። ክርስቲያኑ ቢጾምም ባይጾምም ይበላል፣ ሙስሊሙ ይበላል፣ ሥጋ የተወ ይበላል። ወጪውም ይቀንሳል። የተለያየ እምነት ያላቸው ወዳጆቹን በአንድ ትሪ ዙሪያ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ገበታ አላውቅም።

በረመዳን ጊዜ ሙስሊም ወዳጁን የሚጠራ ሰው ግብዣውን ለአፍጥር ያድርገው፤ ተምሩና ውኃው ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ተሰናድተው ይጠብቁት። የሚሰግድበት ንጹሕ ጥግ ማሳየትም ሳይጠየቁ የሚደረግ ነገር ነው።

ሦስተኛው ጤና ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ የሌለበት ዘመድ አዝማድ ዛሬ የት ይገኛል? ቡና ስትቀዱ ስኳሩን ሲኒው ውስጥ አስቀድማችሁ አትጨምሩ፤ ለብቻው ይቅረብ። በቅቤ ወይም በጨው ቡና የሚጠጣበት አገር ከሆነም እንግዳው ይጠየቅ። ኦቾሎኒ የማይስማማቸው፣ ጉሮሮአቸው የሚያብጥባቸው ሰዎች አሉ፤ ከቆሎው ውስጥ ካለ ይነገር፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ጥሬ ሥጋ ያቀረበ ሰው አጠገቡ የበሰለ ያስቀምጥ። የኮሶ ትል የሚተላለፈው ጥሬ ወይም ያልበሰለ የበሬ ሥጋ ከመብላት ነው፤ ሐኪሙን ሰምቶ የተወን ሰው «ምን ሆነህ ነው፣ ፈራህ?» ማለት ደግ አይደለም።

(አጭር የክራር ሙዚቃ)

እንግዳው በር ላይ ደረሰ እንበል። በገጠሩ ሥርዓት ከደጅ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ሳይጣራ የሚገባ የለም። ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ እሱም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ልጆቻችን ሶፋ ላይ ተጋድመው፣ ዓይናቸው ስልኩ ላይ እንዳለ «ሃይ» ብለው ሲያልፉ ዝም የምንል ወላጆች ልናስብበት ይገባል። መነሣቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለገባው ሰው ግን «መምጣቴ ታውቆልኛል» የሚል ዕረፍት ነው።

ከዚያ የት እንደሚቀመጥ ንገሩት። በአዲስ አበባ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያለውን የግብር አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ያያችሁት ትኖራላችሁ። እዚያ ሰው በየማዕረጉ፣ በየተራው እየገባ ይበላ ነበር፤ የሚቀመጥበትን የሚያሳየው ሹም ነበረው። በሐረር የጥንቱ የጌይ ቤት ውስጥም ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ፤ ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው የትኛው ለሽማግሌ፣ የትኛው ለወጣት እንደሆነ ያውቃል። ማዕረጉን ትተን ጥቅሙን እንውሰድ፤ እንግዳ መሐል ቤት ቆሞ ዓይኑን ማንከራተት የለበትም። «እማማ፣ እዚህ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ ብርዱ አይነካዎትም» ሲባሉ፣ ለአሮጊቷ ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም ደርሷቸዋል።

እጅ ማስታጠብ ከአረጋዊና ከካህን ይጀምራል። ማንቆርቆሪያውን የሚይዘው ልጅ ወንድም ይሁን፣ ሴት ልጅ ብቻ አትመደብ። ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ ይኑር። ገበታው ሲቀርብ ታላቁ ይባርካል፤ ከዚያ «ቅረቡ» ይባላል። የሚበላው በቀኝ እጅ፣ ከየፊት ለፊት ነው፤ በሰው ፊት ተሻግሮ የሥጋ ቁራጭ ማደን ነውር መሆኑን ልጆች ከቤታቸው ተምረው ይምጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ፤ ግድ ማለት። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» የሚሉት ቃላት ያሳደጉን ቃላት ናቸው። የኛ እንግዳ ደግሞ ይሉኝታ ስላለበት ቢርበውም መጀመሪያ «ጠግቤአለሁ» ይላል። በመጀመሪያው «በቃኝ» ላይ ሳህኑን የሚያነሳ አስተናጋጅ የራበውን ሰው አስርቦ ይሸኛል። ስለዚህ ግድ ማለት ከሥርዓታችን የወጣ ነገር አይደለም፤ ፍቅር ነው። ችግሩ ማቆሚያ ሲያጣ ነው። ጨጓራውን የሚያመው፣ መድኃኒት የጀመረ፣ ገና ለማንም ያልነገረች ነፍሰ ጡር፣ መጠጥ ለመተው ከራሱ ጋር እየታገለ ያለ ሰው፤ እነዚህ ሁሉ «በሞቴ» ሲባሉ ያላቸው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ምስጢራቸውን በሰው ፊት መዘርዘር፣ ወይ የሚጎዳቸውን መዋጥ። ሁለቱም ግፍ ነው።

እኔ የማምንበት ልክ ይህ ነው። ሁለት ጊዜ ለምኑ፤ ሁለተኛው የይሉኝታውን ሰው ያወጣዋል። ሦስተኛ ላይ እመኑት። መጠጥ ላይ ግን ሁለተኛውም አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ «አልጠጣም» ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅ፤ ለሚነዳማ ጨርሶ አይቀዳ። ጠላና ጠጅ በሚቀርብበት ቤት ብርዝ፣ ለስላሳ ወይም ውኃ በተመሳሳይ ብርጭቆ ይቅረብ፤ የማይጠጣው ሰው በእጁ የያዘው ነገር ለይቶ አያሳየው።

እንግዳውም ግዴታ አለበት። በእውነት ከራበህ በሁለተኛው ላይ እሺ በል፤ አስተናጋጅህን በልመና አታድክም። በእውነት የማትበላው ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ባጭሩና ፊትህን ሳታጠቁር ተናገር፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ከዚህኛው ግን ጨምሩልኝ»። ሌላ ነገር ጠይቆ መብላት የአስተናጋጇን ልብ ያሳርፋል።

ጉርሻም እንዲሁ ነው። ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄድ ፍቅር ነው፤ እንዲጠፋ አልመኝም። ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ግን ጉርሻ የተዉ ሰዎች አሉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ሰውየው ትንሽ ካመነታ እንጀራዋን ከፊቱ አኑሩለት፤ እሱ ራሱ ያነሳታል። የምታጎርሱ ከሆነም በልክ ጠቅልሉ፤ ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ጅማት አታጉርሱ።

ከምግቡ በኋላ ቡና አለ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ከሰል መናገር አለብኝ፤ በየዓመቱ በሰላም ተሰብስበው የተቀመጡ ሰዎችን የሚቀጥፍ ነገር ነውና። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። «ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው የቀላ ፍምም ጋዙን ያወጣል። በሰፊው የገጠር ቤት፣ በክዳኑና በግድግዳው አየር ስለሚገባ ጉዳቱ ሳይታወቅ ኖሯል። በኮንዶሚኒየሙ ጠባብ ሳሎን፣ በሩም መስኮቱም በመስታወትና በብረት ግጥም ባለበት፣ ዐሥር ሰው ተቀምጦበት፣ ክረምት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ከሰሉ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ይያያዝ። ገብቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ትይዩ ያሉ መስኮትና በር ክፍት ይሁኑ፤ ብርድ ከሆነ ለእንግዶቹ ጋቢ አምጡላቸው እንጂ መስኮቱን አትዝጉ። ቡናው እንዳለቀ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። እንግዳ በሚያድርበት ክፍል ለማሞቂያ ብሎ ከሰል ማስገባት ፈጽሞ አይደረግ። ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው «ጠጁ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሁሉንም ወደ አየር አውጡ፣ ሕክምናም ይሂዱ። ዕጣንም ቢሆን አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፤ ከማጨሳችሁ በፊት ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የፈላ ቡና አቦሉም ቶናውም በረካውም ያው ነው።

ሦስተኛው ዙር ሳይጠጣ መነሣት አንዳንድ ቤት ያስቀይማል፤ በረካ በረከት ነውና። የምትቸኩሉ እንግዶች ቡናው ሲቆላ ጀምሮ ተናገሩ። «እስከ አቦል ብቻ ነው የምቆየው» ተብሎ ቀድሞ የተነገረ ነገር ቅያሜ አያመጣም። ሳይናገሩ በመሐል ብድግ ማለት ነው የሚያስቀይመው።

አሁን ደግሞ ስለማይታየው ሰው እናውራ፤ ወጥ ቤት ስላለው ሰው። አንድ የዶሮ ወጥ ምን እንደሚጠይቅ የሠራችው ታውቀዋለች። ዶሮዋ ወደ 12 ብልት ትወጣለች፣ ተደጋግማ ትታጠባለች፣ ሽንኩርቱ ለብቻው ለሰዓታት ይቁላላል። እንግዶቹ ሲመጡ እመቤቲቱ ከሌሊት ጀምራ ቆማለች። ሁሉም በልቶ ሲጨርስ «አንቺስ?» ስትባል «እኔ በሽታው ጠገብኩ» ትላለች። ይህን ሳቅ ብለን አሳልፈን ለምደናል። እኔ እንደ ሥርዓት አልቆጥረውም። አስተናጋጇ አንድም ጊዜ ካልተቀመጠች እንግዶቹ የመጡት ማንን ሊያዩ ነው? ከዐሥር ዓይነት ወጥ ሁለት ዓይነት ተሠርቶ እሷ ብትቀመጥ፣ ባልየው ሽንኩርቱን ልጦ፣ ልጆቹ ብርጭቆውን አጥበው ገበታው ትንሽ ቢያንስ እመርጣለሁ። የሚያድር ነገር ሁሉ፣ አዋዜው፣ ቆሎው፣ ድፎ ዳቦው፣ ከዋዜማው ይሠራ። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክብር እንግዳ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ለሠራችው እናት የትኛው ብልት እንደሚቀመጥላት ግን በየቤታችሁ ተመካከሩበት።

የቤት ሠራተኛዋም አለች። የእሷ ድርሻ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ እንጂ ከትሪው ለተረፈው አትጠብቅ። ድግሱ ካመሸ በማግስቱ ማረፍ አለባት። እንግዶችም ስትገቡ ሰላም በሏት፣ ስሟን ጠይቁ፣ ስትወጡ «እጅሽ ይባረክ» በሏት። ስለ ቤቱ ጉዳይ ከእሷ ለማውጣጣት መሞከር ደግሞ አስተናጋጁን መክዳት ነው።

ይህን ካነሳሁ ወደ እንግዳው ሥነ ምግባር ልሻገር። ትልቁ ገመናን መጠበቅ ይመስለኛል። ሰው ቤቱን ሲከፍትላችሁ ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን፣ ባልና ሚስቱ መነጋገር መተዋቸውን፣ ልጁ መታመሙን አብሮ ይከፍትላችኋል። ያያችሁት እዚያው ይቅር። ፎቶም ሳታስፈቅዱ ማኅበራዊ ገጽ ላይ አትልቀቁ፤ የቤቱ ግድግዳም ገመና ነው፣ የተጠራውና ያልተጠራው ሰው ማን እንደሆነም በፎቶው ይታወቃል። ስልክ ከተደወለ ተነሥታችሁ አነጋግሩ።

ሰው ጨምራችሁ ከመጣችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። በባዶ እጅ አለመሄድ ደግ ልማድ ነው፤ ግን ፍራፍሬ፣ ቡና፣ ስኳር ይበቃል፤ አስተናጋጁን የሚያሳቅቅ ውድ ዕቃ አታምጡ፤ በጾም ወቅትም የክሬም ኬክ አይወሰድም። አራስ ጥየቃ ከሆነ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ቶሎ ውጡ፤ እናትየዋ መተኛት ትፈልጋለች። ከውጭ መጥታችሁ ሕፃን የምታቅፉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጉንፋን ካለባችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። ልጆቻችሁን ራሳችሁ ጠብቁ። ዕቃ ከሰበሩም አስተናጋጁ «ችግር የለም» ይላል፤ እናንተ ግን በሌላ ቀን ተክታችሁ ላኩ።

መቼ መነሣት እንዳለበት ለማያውቅ ሰው የምነግረው፣ የቤቱን ልጆች እንዲያይ ነው። ልጆቹ ማንቀላፋት ከጀመሩ፣ አስተናጋጇ ረከቦቱን አንሥታ እጇን ጭና ከተቀመጠች፣ ጊዜው ደርሷል። «ተቀመጡ እንጂ» ይባላል፤ እሱም አንድ ጊዜ የሚባል የፍቅር ቃል ነው። «ገበታችሁ ይባረክ፣ ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ብላችሁ ተነሡ፤ በር ላይ ቆሞ ሌላ አንድ ሰዓት ማውራት ግን አስተናጋጁን አቁሞ ማስቀረት ነው።

አስተናጋጁም ከበር አይመለስ። መሸኘት የመስተንግዶው አካል ነው። ፎቅ ከሆነ እስከ ደረጃው ታች፣ መንደር ከሆነ እስከ መንገዱ፤ ከመሸም መኪና እስኪያገኝ። አሮጊት ወይም ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከሆነች ቤቷ መድረሷን ደውላችሁ አረጋግጡ። እንግዳውም በማግስቱ ይደውል። ምግቡን አመስግኖ ብቻ አያብቃ፤ «እናትሽን ስላየኋቸው ደስ አለኝ፣ የነገሩኝን አልረሳሁም» ይበል። እንዲህ የተባለች ሴት ቤቷን መልሳ ለመክፈት አታመነታም።

የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ ላይ ያበቃል። ወደ ለቅሶ ቤትና ወደ ታመመ ሰው ቤት ስንሄድ ምን ይባላል፣ ምን አይባልም፣ ምን ይወሰዳል የሚለውን ዛሬ ሆን ብዬ አላነሳሁትም፤ ለብቻው ጊዜ ይገባዋል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እሱን ይዤ እቀርባለሁ። እስከዚያው በየአካባቢያችሁ ያለውን ልማድ፣ በተለይ አያቶቻችሁ የሚያደርጉትን፣ ጠይቃችሁ ጻፉልን።